ጉዳዩ፦ ፎቶዬን መምሰል ስላቃተኝ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለፊትዎ ቆዳ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የፊት ቆዳዎን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትዕግሥት ኖሮዎት ካነበቡ ይደርሱበታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ያሽከረከርኩ፣ ባልደረቦቼ «ሁሉን አዋቂ» የሚሉኝ ሾፌር ነኝ። ቅጽል ስሙ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። ስድብ መሆኑ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ነው። ልጄ ፋርማሲስት ናት። አንድ ቀን አውቶቡሴ ላይ ተሳፍራ፣ የፊት መስታወቱን በምወለውልበት ጨርቅ ግንባሬን ስጠርግ አየችኝ። በማግስቱ አንድ እሽግ የፊት ማጽጃ እርጥብ ሶፍት አምጥታ እንደ በሽተኛ ቁጭ አድርጋ አስጠናችኝ። «አባዬ፣ ክዳኑን ሁልጊዜ ግጥም አድርገህ ዝጋ። እርጥበቱ ከታች እንዳይዘቅጥ እሽጉን ገልብጠህ አስቀምጠው። ፀሐይ እንዳይነካው። ዓይንህ አጠገብ እንዳታሽ። አንዱን አንዴ ተጠቀምና ቅርጫት ውስጥ ጣለው።» እኔም እንደ ጨዋ ተማሪ አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እሽጉን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ፀሐይ ከማለዳ እስከ ማታ በማትለየው ቦታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲያይልኝ አድርጌ አኖርኩት። ክዳኑን ክፍት ተውኩት፤ መሪ የያዘ ሰው ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ አይውልም የሚል የራሴ ፍልስፍና ነበረኝ። ቲኬት ቆራጩ «ይደርቅብሃል» ሲለኝ «ፋብሪካ ያረጠበውን ማን ያደርቀዋል?» ብዬ አሳፈርኩት። በሦስተኛው ሳምንት መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ፣ አውቶቡሴን ከመንገዱ ማዶ አቁሜ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በር ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ። «ባለጉዳዮች ለፎቶ ከመቅረባቸው በፊት ፊታቸውን በሚገባ ማጽዳት ይኖርባቸዋል» ይላል። አራት ሰዓት ሙሉ አቧራ ላይ ያሰለፉት ሰው ንጹሕ ሆኖ እንዲገባ መጨነቅዎ የአባት ርኅራኄ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ከማስታወቂያው ሥር ያለው ቧንቧ ግን ቢያዞሩት ቢያዞሩት ከፉጨት በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ጥፋቱን በሙሉ እዚህ ቧንቧ ላይ ልጭነው በወደድኩ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ከፊቴም ከኋላዬም የነበሩት ሰዎች በመሐረባቸው ጠርገው ገቡ። መንገድ ተሻግሮ፣ ማዶ ወደቆመው አውቶቡሱ የሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሶፍቱ እንደ ከረመ ዳቦ ደርቆ ጠበቀኝ። ልባም ሰው ቢሆን ጥሎት ይመለሳል። ሁሉን አዋቂው ግን «የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ማርጠብ ነው» አለና፣ ከመቀመጫው ሥር የመስታወት ማጠቢያውን ሰማያዊ ፈሳሽ አውጥቶ አፈሰሰበት። መስታወትን እንዲያ የሚያበራ ነገር ፊትንማ እንዴት ያበራው ይሆን ብዬ ነው። በእውነት እንዲህ አስቤያለሁ፤ ክቡርነትዎ ሊስቁ ይችላሉ። ዓይኔ አጠገብም አጥብቄ አሸሁት፤ አቧራው የበዛው እዚያ ነበርና።

ሁለተኛ፦ ስለ ፎቶ አንሺዎ። ተራዬ ሲጠራ ፊቴ ፍም መስሏል፣ ዓይኖቼ የቁልፍ ቀዳዳ አክለዋል። «ተራው ያለፈበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል» የሚለውን ሌላውን ማስታወቂያዎን ቀደም ብዬ ስላነበብኩ ግድግዳ እየዳበስኩ ገባሁ። ፎቶ አንሺው «አባት፣ ዓይንዎን ይክፈቱ» አለኝ። «ከፍቻለሁ» አልኩት። ጠጋ ብሎ አየኝና «እንግዲህ ሲፈጥርዎ እንዲህ ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ» ብሎ አነሣኝ። ስወጣ የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛዎ እጄን ይዛ ጓሮ ወሰደችኝና፣ ለራሷ መጠጫ ባመጣችው ውኃ ፊቴን ደጋግማ አጠበችልኝ። «ምን ቀብተው ነው አባባ?» ብትለኝ ነገርኳት። አልሳቀችም። እግዜር ይስጣት።

ልጄ ያበጠውን ፊቴን አይታ ስትደነግጥ ግን እውነቱን መናገር ከበደኝ። «ንብ ነደፈኝ» አልኳት። «ሁለቱንም ጉንጭህን እኩል?» አለች። «ሁለት ንቦች ነበሩ» አልኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ካርዱ። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ፊቴ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ መሆኑ ነው፣ አዲሱ መንጃ ፈቃድ ደረሰኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ያበጠ፣ የተጨፈነና በዓለም ሁሉ የተቀየመ ነው። በሳምንቱ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፤ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

«ወንድምህ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ዓይን የለውም። አንተ ደግሞ አፍጥጠህብኛል።»

አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ሊያማልዱኝ ብለው ካርዱን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። «ሾፌራችን ደህና ሰው ነው፤ ይህንን ግን እኔም አላምነውም» ብለው መለሱለት። አርባ ሰው ከሥራው ቀረ፣ አውቶቡሱ በሌላ ሾፌር ተነዳ፣ እኔም እኔ መሆኔ በመሥሪያ ቤትዎ እስኪረጋገጥ ድረስ ከሥራ ታገድኩ።

አራተኛ፦ ስለ ማረጋገጡ። ሠራተኞችዎ ፎቶ የሚቀየረው የመልክ ለውጥ መኖሩ በሐኪም ሲመሰከር ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ፤ «ምን ብዬ ልጻፍልህ? ሰውየው ጤነኛ ሆነና ተቸገረ ልበል?» አለኝ። ባዶ እጄን ስመለስ አንዱ የክፍል ኃላፊዎ የተሻለ መፍትሔ አመጣ፤ ፎቶውን መስዬ ከመጣሁ ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩናል። አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩም፦ ያን ሰማያዊ ጠርሙስ እንደገና አንሥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ለአፍታ አስቤበታለሁ።

አይፍረዱብኝ። ሥራ ፈት ሆኜ በቆየሁባቸው ዐሥራ አንድ ቀናት በየማለዳው ፌርማታ ላይ ቆሜ የራሴን አውቶቡስ ሳሳልፍ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደሩ» ያልኳቸው ሰዎች በመስኮት ያዩኛል፣ እጃቸውን ያነሡልኛል፣ ያልፋሉ። ሁሉም ያውቀኛል፤ ካርዱ ብቻ አያውቀኝም። ቤት ስገባም መስታወት ፊት ቆሜ፣ እውነትም ያ ሰው እኔ ብሆንስ እያልኩ ዓይኔን እጨፍን ጀመር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከክፍል ኃላፊዎ ጋር ስከራከር «ሰማያዊ ፈሳሽ» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠ። የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። «እኚህ እኮ የዚያን ቀን ፊታቸውን ያጠብኳቸው አባባ ናቸው!» የክፍል ኃላፊው ቃል ብቻ እንደማይበቃ ሲነግራት ወረቀት ስባ፦ «ይህን ፊት ባበጠም ጊዜ አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ አጥቤዋለሁና» ብላ ጽፋ ፈረመች። ይህን የሚከለክል መመሪያ ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም፤ ማኅተሙ ተመታ። ከዚያ ከመሳቢያዋ አንድ እርጥብ ሶፍት መዝዛ ሰጠችኝ። እሽጉ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ ክዳኑም ግጥም ብሏል። ግንባሬንና ጉንጬን ቀስ ብዬ ጠረግሁ፣ ዓይኔን አልነካሁም፣ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፣ ወደ ፎቶ ክፍሉ ገባሁ። ፎቶ አንሺው «ደግሞ ዛሬ ዓይንዎን አያፍጥጡ» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም፣ እንዲታተም ለጋዜጣም ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብኩላት፤ ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ አጥቼ ወረቀት ላይ መደበቄ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። «ንብ አለመሆኑንማ ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት» አለችና ጉንጬን በመዳፏ ዳበሰችው።

ከመስኮት ቁጥር ሁለት በቀር ለመላው መሥሪያ ቤትዎ መጠነኛ፣ ለእርሷ ግን ወሰን የሌለው አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ እስከሚቀጥለው እድሳት ድረስ በራሴ ፊት ለመቆየት ቃል የምገባ፣

ታዛዥዎ
አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር

ማሳሰቢያ፦ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የክቡርነትዎን ፎቶ በተሰለፍኩባቸው ቀናት ሁሉ ሳደንቅ ቆይቻለሁ። ጠጉሩ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉንጩ ሙሉ፣ ዕድሜው ቢበዛ ሠላሳ ነው። በመጨረሻው ቀን አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ያለ ምንም ጥያቄ አልፈው ወደ ቢሮዎ ሲገቡ አይቻለሁና፣ ጥበቃው መታወቂያ እንዲጠይቃቸው ቢያደርጉ መልካም ነው።