የአንቲ ካምላ በሶብላ

እሁድ፣ ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ

ጌታ ይቅር ይበለኝ። ሂንዱዋ አከራዬ አንቲ ካምላ በኮሮና ሆስፒታል ከገቡ ዘጠኝ ቀናቸው። ሲሄዱ አደራ ያሉኝ በራቸው ላይ ያለችውን ተክል ብቻ ነው፤ ውሃ እንዳጠጣት፣ እዚህ ሰኔ ብርድ ነውና ማታ ማታ ከውርጭ እንድሸፍናት። እሳቸው ቱልሲ ይሏታል። በየጠዋቱ የንጥር ቅቤ መብራት አብርተው ይዞሯታል፤ አምላካቸው ናት። እኔ ጴንጤዋ ግን ባሸተትኳት ቁጥር የሚታየኝ የሆሳዕና ቤታችን ነው፤ እማዬ ቅቤ ስታነጥር። በሶብላ ናት እኮ! ዛሬ ናፍቆቱ ሲብስብኝ አንድ እፍኝ ቀነጠስኩና ቅቤዬ ውስጥ ጨመርኩ።

ቅቤው ሳይበርድ አንቲ ደወሉ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

"ዛሬ እሁድ ነው፤ ቅጠሏን እንዳትቆርጪ። የእረፍት ቀኗ ነው" አሉኝ።

የሚያዩኝ ይመስል የቅቤውን ድስት ከደንኩት።

"ማሽተት አቅቶኛል ልጄ። እስቲ ሽታዋን ንገሪኝ።"

ጣቶቼን አሸተትኩ። "የእናቴን ቤት ትሸታለች" አልኳቸው።

"የእኔንም" አሉ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ወጥቼ በነጠላዬ ሸፈንኳት። የቀነጠስኩበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ይዩት፣ ይቆጡኝ፣ ከቤትም ያስወጡኝ፤ ብቻ ይመለሱ።