ማኅተሙ ከላይ የሆነበት ፖስት ካርድ

ወይንሸት፣ እስክሪብቶውን የያዘችው ልጃችን ሰናይት ናት። ከኡስተር በባቡር መጥታ እዚህ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ቤታችን፣ አንቺ ትስዪበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ከተለየሽን የፊታችን እሑድ ዓመት ይሞላል። ጉልበቴ አሁንስ እምቢ ብሏል፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፋለሁ። አበቦችሽ ደርቀዋል፤ ውኃ አብዝቼባቸው ነው አሉ። ደክሞኛል። ለሌላ ሰው ይህን አልልም።

ሰናይት ለሙት ዓመትሽ ካርዶችሽን ዝክርሽ በሚደረግበት የማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ ልስቀል አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጄኔቭ ዩኒቨርሲቲውን ስታጸጂ ሰንብተሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላንፓሌ ገበያ ላይ የሳልሻቸውን የወታደር ካርዶች ትሸጪ ነበር። እዚህ አገር ወንዱ በየጊዜው ለውትድርና ስለሚጠራ፣ ለቤቱ የሚልከው አስቂኝ ነገር ይወዳል። ድስት ውስጥ ወድቆ የሚዋኘው ወጥ ቤት፣ ባቡር ላይ ጠመንጃውን አቅፎ የሚያንኮራፋው፤ እኔም ስቄባቸዋለሁ። እሑድ ዙሪክ ስትመጪ መጀመሪያ የምታሳዪው ለእኔ ነበር።

አንድ እሑድ ግን ያቺን ካርድ አመጣሽ። ሪዛም አስር አለቃ ደረቱን ነፍቶ፣ ለተሰለፈው ጦር ትእዛዝ ያነባል። የያዘው ወረቀት ማኅተሙ ከላይ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ማኅተም ከታች እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰውዬው እኔ ነኝ። አገር ቤት ወታደር ሳለሁ የክፍሉ ጸሐፊ ያነበበልኝን በቃሌ ይዤ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ጦሩ ፊት መቆሜን ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ፈረንሳይኛ ላንብብልህ ስትይ ተነስቼ ወጣሁ። አልፎ አልፎ አንቺ ዘንድ እመጣ የነበርኩት ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ጄኔቭ ድርሽ አላልኩም። ጉልበቴን አሞኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ እሑድ እሑድ መምጣትሽን አልተውሽም፤ ካርድ ግን ዳግመኛ አላሳየሽኝም። ሆስፒታል እጅሽን ይዤ ስቀመጥ እንኳ ነገሩን አላነሳሁትም። አንቺም አላነሳሽውም።

ትናንት ሰናይት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ሳልጠይቃት በአማርኛ አነበበችልኝ።

«ወረቀቱ ተገልብጧል፤ አስር አለቃው ግን ሰዎቹን ከጦር ሜዳ አንድ ሳያጎድል መለሳቸው።»

ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ለካ ይህንንም ነግሬሽ ኖሯል፤ እኔ የውርደቴን ብቻ ይዤ ቀርቻለሁ። አንድ ቃል ላለመስማት ስንት እሑድ አባከንኩ።

ይሰቀል ብያለሁ። በሩ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ ሲገባ እንዲያየው። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ሥሩ እቀመጣለሁ። እግሬ እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ በዕለትሽ እዚያው ሥሩ ታገኚኛለሽ።

በይ ሰናይት፣ ጣቴን ላሳርፍበት። ታቹ በየት በኩል እንደሆነ አሳዪኝ። ከዚያ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።