ገንቦዎቹ የተሰለፉበት እሑድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1973

የውሃ ቦኖው እኛ ሰፈር ካልገባ ከትምህርት ቤት ልወጣ ነው። እማዬ ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ። ጮኻ ብትናገር አልፈራም ነበር፤ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል ነው ያለችው።

"ወገቤ እምቢ ብሏል፣ ማርታ። ነሪ ወንዝ ወርጄ፣ ገንቦ አዝዬ ያን ዳገት ከእንግዲህ አልወጣም። ውሃው ካልመጣ አንቺ ትቀጃለሽ። ሚኒስትሪውን ለከርሞ ትፈተኛለሽ።"

ለከርሞ ማለት መቼም ማለት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ጽጌም ለከርሞ ተብላ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ልጇን አዝላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የውሃ ቀያሹ ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ መጥቶ ሁለት ችካል ተከለ። አንዱን ገበያ ሰፈር፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ። ሌላውን ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ፣ እኛ ሰፈር፣ ሾላው ሥር። የተፈቀደው ቧንቧ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የቱ ይሁን ሲባል ቀያሹ "ነዋሪው ራሱ ይወስን፣ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ስጡኝ" አለ። ሊቀመንበራችን ጓድ ታፈሰ አጨበጨቡ። ጓድ ታፈሰ የሚኖሩት ገበያ ሰፈር ነው። ከደጃቸው እስከ ችካሉ በእግሬ ለካሁት፤ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ። በእሳቸው እርምጃ ግን አሥራ ሰባት ይሆናል፣ ቦርጫቸው ቀድሞ ስለሚደርስ።

ውሳኔው እሑድ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ስቆጥር ዋልኩ፤ ሒሳቡን ሳይሆን ቤት። የእኛ ሰፈር ስልሳ ሦስት። የገበያ ሰፈር ስልሳ፣ ቢበዛ ስልሳ አንድ። ሁሉም ከመጣ እናሸንፋለን። ሁሉም ከመጣ።

የሚያሳስቡኝ፦

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችን። ጓድ ታፈሰ ፊታቸውን ካዞሩባቸው ለማንኛውም ነገር እጅ ያወጣሉ። ባለፈው ስብሰባ ለድጋፍም ለተቃውሞም አወጡ። "ድምፀ ተአቅቦ" ሲባልም አወጡ። ደግነቱ ቀያሹ እጅ ማውጣት አይሆንም፣ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ይቆጠሩ ብሏል።

ሁለተኛ፣ አባዬ። ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነው። ሌባ አይፈራም፣ ጅብ አይፈራም፤ ጓድ ታፈሰን ሲያይ ግን ባርኔጣውን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ያጣል።

ሦስተኛ፣ የእትዬ ዘነበች ጠላ። እትዬ ዘነበች ገበያ ሰፈር ናቸው፤ የእኛ ሰፈር ወንድ ግማሹ እሑድን እሳቸው ቤት ነው የሚውለው።

አራተኛ፣ እንቅልፍ መጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ልንጠፋ ነበር፣ ተረፍን። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ አያት ናቸው። አንዳቸውን ብቆጣ እናትዎን ጥሩ ልላቸው አልችልም። ሁለቱም ሰፈር እዚያ ይቀላቀላል፤ እትዬ ዘነበች ከፊት ይቀመጣሉ፣ አቶ አይኬ ከኋላ። አቶ አይኬ ከቤና መጥተው ከሜዳው ማዶ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። "አስተማሪ" ብለው ያከብሩኛል፣ ወዲያው ደግሞ ትንባሆ ይልኩኛል። በሳቸው አማርኛ እኔ ወንድ ነኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ሰሌዳው ላይ "ውሃ ለሾላው ሥር" ብዬ ጻፍኩ።

"ይቺ ልጅ ፊደል እያስቆጠረችን ነው ወይስ እየቀሰቀሰች?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፣ እትዬ።"

"የት ገጽ ላይ?"

"እርስዎ ገና አልደረሱበትም።"

አዳራሹ ሳቀ። አቶ አይኬ ግን አልሳቁም። "እኔ እሑድ አልመጣም" አሉ፣ በትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው፣ በርኩማቸው ላይ እንደተቀመጡ። "ሰው ይቆጠራል አሉኝ። እኛ ከብት እንኳ በጣት አንቆጥርም፣ አስተማሪ። ከቆጠርክ ይጎድላል። ትናንት ስሜን ጠርተህ ምልክት አደረግህ፤ ዛሬ ፍየሌ አልበላችም።"

ሌሎቹም "እውነት ነው" አሉ። እትዬ ዘነበች ሳይቀሩ "የኔም እናት ልጆቿን ስንት ናቸው ሲሏት አትናገርም ነበር" አሉ። አቶ አይኬ ካልመጡ እሳቸውን ተከትሎ አሥራ አንድ የቤና ቤት ይቀራል። አሥራ አንድ ቤት ማለት ደግሞ እኔ፣ ገንቦ፣ ነሪ፣ ዳገት፣ እስክሞት ድረስ።

"ታዲያ ከብቶችዎ ሙሉ መሆናቸውን እንዴት ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"በመልካቸው ነዋ። አንተ የእናትህን ፊት ለማወቅ ትቆጥራለህ?"

ያኔ ነው የመጣልኝ። "ነሪ ወረፋ ስንይዝ ማን ነው የሚሰለፈው? ሰው ጥላ ሥር ቁጭ ይላል፤ ገንቦው ነው የሚሰለፈው። እሑድም እያንዳንዱ ቤት አንድ የውሃ ዕቃ ያሰልፍ። ሰው አይቆጠርም፣ ዕቃ ይቆጠራል።"

አቶ አይኬ ትንባሆ አኘኩ። "ገንቦ ይቆጠር" አሉ በመጨረሻ። "ገንቦ ቢቆጠር ምን ይሆናል።"

"ይሰበራላ" አሉ እትዬ ዘነበች።

ጓድ ታፈሰ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር ለካ። እንዲህ ያለ ቀልድ በአብዮታዊ ውሳኔ ላይ አይፈቀድም አሉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው "አንቆጠርም" ሲላቸው ደግሞ ላባቸውን ጠርገው፣ እናጠናዋለን ብለው ሄዱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ጂንካ ስታስል ዋለች። በጭሱ ውስጥ የጓድ ታፈሰ ድምፅ ማጉያ መጣ። "በጥልቀት ካጠናሁ በኋላ የደረስኩበት አዲስ አሠራር። እያንዳንዱ አባወራ፣ አንድ የውሃ ዕቃ። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ።"

የደረስኩበት! እኔ ደግሞ አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ አስጮህኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የገበያ ቀን። ከየመንደሩ የመጣ ቅል ተደርድሮ ይሸጣል። የጓድ ታፈሰ ሚስት ቅል ስትመርጥ አየኋት። አንድ አይደለም፤ በሁለት ልጅ አሸክማ ሄደች። ኋላዋን ተከተልኳት፣ ከገበያ ሰፈር ሳይወጣ ቅሉ በየቤቱ ተበተነ።

ሮጬ ለአባዬ ነገርኩት። "ቅል መግዛት ወንጀል ነው እንዴ? ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል" አለኝ። ይኼን ሲል ግቢያችን ውስጥ ከዶሮዎቹ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከቤታችን ጀርባ የተሰነጠቀ አሮጌ ገንቦ አለ። ዶሮ ይተኛበታል። ዛሬ ሳየው ቆየሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ልክ እንደሆነው አስቀምጠዋለሁ።

ሜዳው ላይ ከእኛ በፊት ላሞቹ ተሰብስበው ነበር። ከዚያ ሰው መጣ፤ ገንቦ፣ ባልዲ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ቅል፣ አንድ ጀሪካን። ጀሪካኑ የእትዬ ዘነበች ነው፤ ሙሽራ ይመስል አጥበውታል። ሁለት ረድፍ ተሠራ፣ በመካከሉ ጓድ ታፈሰና ደብተሩን የያዘው ቀያሽ። አቶ አይኬ ቅላቸውን አስቀምጠው፣ ራቅ ብለው በርኩማቸው ላይ ተቀመጡ። አሥራ አንዱም ቤት ተከተላቸው። አባዬ እንኳ የእኛን ገንቦ ራሱ ተሸክሞ መጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

ንግግሩን እዘለዋለሁ። ፀሐይዋም ዘላው ሄዳለች።

ቆጠራው ተጀመረ። የእኛ ስልሳ አራት። የገበያ ሰፈር ሰባ አንድ።

እማዬ ወገቧን ያዘች። ጓድ ታፈሰ ድምፅ ማጉያውን አንሥተው "በሕዝቡ ሙሉ ፍላጎት" ብለው ሲጀምሩ ከነሪ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ።

"አውሮፕላን ነው" አለ አንዱ።

"እሑድ አውሮፕላን አይመጣም" አሉ ጓድ ታፈሰ። አውሮፕላኑ በራሳቸው ላይ አለፈ።

የሜዳው ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ሮጠ። አብራሪው ላሞቹን ለማባረር ሁሌ አንድ ዙር ይዞራል፤ ያቺ ዙር ብቻ ናት ያለችን። ሰው ሁሉ የሮጠው ግን ወደ ጥግ አይደለም፣ ወደ ገንቦው ነው። ጂንካ ውስጥ ባሏን ሜዳ ላይ ጥላ የምትሮጥ ሴት ትገኝ ይሆናል፤ ገንቦዋን የምትጥል የለችም። እማዬ ወገቧን ረስታ የእኛን ታቀፈችው። እትዬ ዘነበች ጀሪካናቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንደ ሚዳቋ ዘለሉ። አቶ አይኬ ቅላቸውን በብብታቸው፣ በርኩማቸውን በእጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

ሁሉም የየራሱን አነሣ። ሜዳው ላይ የቀረው ባለቤት የሌለው ብቻ ሆነ። በገበያ ሰፈር ረድፍ አሥራ አንድ አዳዲስ ቅል፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው። ጓድ ታፈሰ ተመልሰው ገቡ። ሁለት በብብት፣ አንድ በአገጭ፤ አራተኛውን ሲያነሡ የመጀመሪያው ይንከባለላል። ሚስታቸው ከዳር ሆና "ተወው፣ ተወው" ትላለች። የሜዳው ዘበኛ ኮታቸውን ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። አውሮፕላኑ ሁለተኛ ዞሮ ወረደ፤ ቅሎቹ በነፋሱ ተበተኑ።

ቀያሹ ሁሉን አይቷል። ደብተሩን ከፈተና "እንደገና። ዕቃውን የያዘ፣ ይዞ ይቁም። እኔ የምቆጥረው ዕቃውን ነው" አለ።

"ያ ሁሉ ቅል የኔ ነው" አሉ ጓድ ታፈሰ።

"ደንቡ ለአንድ ቤት አንድ ነው፣ ሊቀመንበር" አሉ አቶ አይኬ። "አንተ ስንት ቤት አለህ? ትርፍ ቤት ተወርሷል ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህም?"

ሳቁን መጻፍ አልችልም። የገበያ ሰፈር ሰው ራሱ ሳቀ። እትዬ ዘነበች ጀሪካናቸው ላይ ተደፉ።

የገበያ ሰፈር ስልሳ። የእኛ ስልሳ ሦስት።

አሁን አንድ ነገር፣ ለዚህ ደብተር ብቻ። በእኛም ረድፍ የቀረ አንድ ነበር፤ የተሰነጠቀ አሮጌ ገንቦ፣ ውስጡ የዶሮ ላባ ያለበት። አቶ አይኬ አንሥተው በስንጥቁ ፀሐይዋን አዩ። "ይሄስ የማን ነው?" እኔ ሰማይ ሳይ ነበር። እማዬ እኔን ስታይ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጓድ ታፈሰ እጅ አልሰጡም። ውጤቱ ለበላይ አካል ይቀርባል አሉ። ቃለ ጉባኤው ያለ ነዋሪው ፊርማ አይጸናም አሉ። "ማን ይፈርማል? የጣት አሻራ በኋላ ይካዳል።"

ቀያሹ ዛሬ ከሰዓት ነው ወደ አርባ ምንጭ የሚመለሰው። ትምህርት ቤቱን ትቼ (አንድ ቀን ነው፣ እማዬ አታንብቢው) አያት ተማሪዎቼንና የሰፈራችንን ሰው ሁሉ ቀበሌው ደጅ ሰበሰብኩ። የቻሉት አንድ በአንድ ስማቸውን ጻፉ። አቶ አይኬ ብዕሩን እንደ ጦር ጨብጠው ሦስት ፊደል ለመጻፍ ወረቀቱን ሊበሱት ምንም አልቀራቸውም። ከስልሳ ሦስቱ ሃያ ዘጠኙ በእጃቸው ፈረሙ፣ የቀሩት አሻራ አደረጉ። ከዚያ እትዬ ዘነበች መጥተው ከሥር ፈረሙ።

"እርስዎ እኮ ገበያ ሰፈር ነዎት" አልኳቸው።

"ተሸንፌያለሁ ብዬ ነው የምፈርመው። ደሞ ስሜን መጻፍ የቻልኩት ዘንድሮ ነው፣ የት ልጻፈው?"

ጓድ ታፈሰ ወረቀቱን ገለበጡት፣ መለሱት። ፊርማውም አሻራውም አይታመንም ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ግን ባለፈው ወር "በቀበሌያችን መሃይምነት ድል ተመቷል" ብለው ሪፖርት የላኩት እሳቸው ናቸው፤ ጽፌ የገለበጥኩላቸው ደግሞ እኔ። አፋቸውን ዘጉ። ማኅተሙን መቱ፤ ጠረጴዛው ነቀነቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፣ መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። የቧንቧውን ቦይ መቆፈር ጀመርን። ለአንድ ቤት አምስት ክንድ። ጓድ ታፈሰም ለአርአያነት ሦስት ጊዜ ቆፈሩ፣ ከዚያ ማስተባበር ጀመሩ።

መጥፎው ዜና፦ ቧንቧው ግማሹ አርባ ምንጭ ነው ያለው። መኪና ሲገኝ ይመጣል አሉ። ምናልባት ከገና በኋላ። ምናልባት ከጥምቀት።

ትናንት ማታ እማዬ ይኼን ስትሰማ ወደ ገንቦው አየች፤ እኔ ወደ ደብተሬ።

ዛሬ ማለዳ ስነቃ ገንቦው ቦታው ላይ የለም። እማዬ ነሪ ወርዳ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። እማዬ ደጅ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። አባዬ ዳገቱን እየወጣ ነው። የጤና ጣቢያ ካፖርቱን ለብሶ፣ ገንቦውን አዝሎ፣ ግማሹ ውሃ በካፖርቱ ላይ እየፈሰሰ። ሴቶቹ መንገድ ለቀውለት ቆመዋል። አቶ አይኬ ከሾላው ሥር "ወንድሜ፣ ሚስትህ የት ጠፋች?" ብለው ጮኹ።

"ቤት አለች" አለ አባዬ፣ ሳይቆም።

ገንቦውን አውርዶ እያለከለከ ተቀመጠ። "ቧንቧው እስኪመጣ ነው" አለ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም፣ ማንንም አላየም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ደወሉ ሊደወል ነው" አለኝ።

ሮጥኩ። ቧንቧው ከጥምቀትም ቢያልፍ የአባዬ ትከሻ እስከ መቼ እንደሚችል አላውቅም። ዛሬ ግን በሰዓቴ ደረስኩ፤ ሁሌ ማርፈዴን የለመደው መምህር ሰዓቱን አወጣ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።