የወይዘሮ ዩስቲና ፕሌት ሕይወትና የአርባዎቹ እናት አሳማዎች ዓመት

ሳራ ክላሰን ለክረምት የሚቀመጠውን ባቄላ እየፈለፈሉ ሳለ ምጥ ያዛቸው፤ የጀመሩትን ሳሕን ጨርሰው ተነሡ። ወይዘሮ ዩስቲና ፕሌት በዚያው ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1951፣ ከእናታቸው ከሳራና ከአባታቸው ከፍራንስ ክላሰን በደቡብ ምሥራቅ ማኒቶባ፣ በሊንደንሆፍ መንደር ተወለዱ።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። መምህራቸው የእጅ ጽሑፋቸውን ያደንቁ ነበር፤ ለሴት ልጅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ብለው ያስቀሯቸውም እኚሁ መምህር ናቸው።

በ1972 ከአቶ ያኮብ ፕሌት ጋር በጋብቻ ተሳስረው አጋኔታንና ማርያን ወልደዋል። ባለቤታቸው በ1994 ሲያርፉ፣ በቀጣዩ ዓመት በባለቤታቸው ታናሽ ወንድም በአቶ ጌርሃርድ ፕሌት በሚመራው፣ ስድስት ዘመዳሞች በጋራ በያዙት የአሳማ ርቢ ተቀጠሩ። በዚያ ቤት ያረገዘች አሳማ መዞር በማያስችላት ጠባብ የብረት በረት ለብቻዋ ትቆም ነበር። ወይዘሮ ዩስቲና የዚያን በረት በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀርቅረዋል።

በ2014 በረቶቹ ተነቀሉ። አሳማዎቹን የሚወስደው ሥጋ ገዢ ድርጅት ስላዘዘ እንጂ ከስድስቱ የርቢው ባለቤቶች አንዱም ለአሳማ አዝኖ አይደለም። አቶ ጌርሃርድ ነገሩን ለመገላገል ቸኩለው፣ ስድሳ የማይተዋወቁ እርጉዝ አሳማዎችን በጠዋት፣ ሳይበሉ፣ ታጥቦ ባልደረቀ ወለል ላይ በአንድ ክፍል አጎሯቸው። አሳማ ከማታውቃት ጋር ስትገናኝ የበላይዋ ማን እንደሆነች በጥርስ ትጠይቃለች። እስከ ምሳ አሥራ አንዱ አነከሱ፤ አንዷም እግሯ ተሰብሮ ተገደለች።

«አየሽ እትዬ ዩስቲና? ተባሉ! ብረቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር» አሉ አቶ ጌርሃርድ።

«አንተንና አምስቱን ዘመዶችህን ቁርስ ከልክዬ እርጥብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቆልፍባችሁ፣ እስከ ምሳ ስንት ጆሮ ይተርፋችኋል?»

ባለቤቶቹ ለሥጋ ገዢው አቤት ብለው በረቶቹን ሊመልሱ ተስማሙ። ወይዘሮ ዩስቲና አንድ ክፍልና አንድ ዓመት ለመኑ። የተሰጣቸው አይሳካላቸውም ተብሎ ነው።

አርባ አሳማዎች መረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙትን ለብቻ ለዩ። ወለሉን አድርቀው ጭድ ጎዘጎዙ፤ የምትሸሽ የምትከለልበት አጭር ግድግዳ አስቆሙ፤ በልተው እስኪጠግቡ ጠብቀው ከሰዓት በኋላ ቀላቀሏቸው። ከዚያም ሁለት ቀን ባልዲ ደፍተው መካከላቸው ተቀመጡ። ጠቡ በሁለተኛው ቀን በረደ።

በዚያ ሰሞን ከከተማ የመጡ አንዲት ጎብኚ እንባ አቅርረው «እንዴት ደስተኛ ናቸው!» ቢሉ፣ በወይዘሮ ዩስቲና «ደስታቸውን አላውቅም፤ እግራቸውን ግን አውቃለሁ» ተብለዋል። ተመልሰው አልመጡም።

ዓመቱ ሲሞላ ወይዘሮ ዩስቲና በባለቤቶቹ ስብሰባ ላይ የዓመቱን ማስታወሻቸውን አነበቡ። ከአርባዎቹ ሦስት አንክሰዋል፤ አንዷ ጽንሷን አጥታለች። ብረት ላይ በመተኛት የሚመጣው የትከሻ ቁስል አንዷም ላይ አልታየም። በምጥ የሚቆዩበት ሰዓት አጥሯል፤ ከወለዱ በኋላም ያለ ድጋፍ ይነሣሉ። አንዲት አሳማ ግን ዓመቱን ሙሉ ከገበታ እየተገፋች ከስታለች።

አቶ ጌርሃርድ ሳቁ። «ይቺን ለምን ጻፍሻት? ክርክርሽን ታበላሻለች እኮ!»

«ከሲታ ስለሆነች ነዋ።»

አራት ለሁለት በሆነ ድምፅ በረቶቹ እንዳይመለሱ ተወሰነ። ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፉ የከረሙት ሰዎች አጨበጨቡ። ወይዘሮ ዩስቲና እጃቸውን አነሡ። «ተዉት። ያንን በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ቀርቅሪ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ለየትኛው ነው የምታጨበጭቡት?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ2019 ሥራ አቆሙ። በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2024 በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አቶ ጌርሃርድ በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰፊ ስፍራ ያቁምልን።

የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ያዘጋጁት አቶ ጌርሃርድ ነበሩ። ወይዘሮ ዩስቲና ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው አነበቡላቸው። ረቂቁ «አሳማዎቹን በጋራ የማኖሩን ሥራ ቤተሰቡ በአንድ ልብ ጀመረ» ይላል። ስለ ወይዘሮ ዩስቲናም «ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእንስሳት የሚራሩ ነበሩ» ይላል።

ወይዘሮ ዩስቲና እርሳስ ጠይቀው ሁለቱንም ሰረዙ፤ በምትካቸውም የሆነውን እጽፋለሁ አሉ።

«እትዬ፣ በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም» አሉ አቶ ጌርሃርድ።

«እኔ እንደሆነ አልሰማም። አንተ ከፊት ተቀምጠህ ትሰማለህ።»

በኅዳጉ ላይ በመጀመሪያ ያንን የስድሳዎቹን ጠዋት፣ ከሥሩም የራሳቸውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፉ። አንድ ጊዜ አንብበው አንዲት ፊደል አቃኑ። ከዚያም እርሳሱን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት።