ስለ ሸበጥህና ስለ ሮቢት

ለመላው ቤተሰብ፣ ማለትም ለእኔና ለዶሮዎቹ፣ በታላቅ ሐዘን የምናስታውቀው፦ ከሞትህበት ቀን ጀምሮ ከደጃፍ ተነስቶ የማያውቀው ሸበጥህ ጠፍቷል። ተጠርጣሪው የጎረቤት ውሻ ነው፤ ምርመራው ቀጥሏል።

የመዲና አባት፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርገው። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ማሽላ እያሸተ ነው። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ጣራው በአንተ ጊዜ ያፈስበት በነበረው በኩል፣ ታማኝነቱን ጠብቆ ያፈሳል።

ልጃችን መዲና ሮቢት ከተማ ሱቅ ከፍታለች፤ ሁለተኛ ልጇንም ልትወልድ ተቃርባለች። እማ፣ ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ ስትለምነኝ ዓመት ሞላት። እኔም ኢስቲኻራ ላይ ነኝ እላታለሁ። ሁለት ረከዓ እሰግዳለሁ፣ የሚሻለውን አላህ እንዲመርጥልኝ እለምናለሁ፣ ከዚያ ምልክት ፍለጋ እወጣለሁ። ወደ ሮቢት የሚሄደው ባጃጅ ጎማው ተነፈሰ፤ አትሂጂ ማለት ነው። ማሽላው አማረ፤ በረከቱን ጥለሽ የት ነው የምትሄጂው ማለት ነው። የግሪሳ ወፍ ወረደበት፤ ማን ሊያባርረው ነው፣ ተቀመጪ ማለት ነው። በህልሜ እርሻ ሙሉ ሽንኩርት አየሁ፤ እንደ ሽንኩርቱ መሬትሽን ይዘሽ ኑሪ ብዬ ፈታሁት። መዲና ግን ሽንኩርት ተነቅሎ ገበያ ይሄዳል እንጂ ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ጁምዓ ሁሉንም ለሸኻችን ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ታገሱኝና፣ «ልጄ፣ ሁሉም ነገር ተቀመጪ ካለሽ፣ የጠየቅሽው አላህን ነው ወይስ ያንን ሸበጥ?» አሉኝ። ለካ በደጃፋችን ባለፉ ቁጥር ያዩታል። ወሬውን ወደ ግሪሳው አዞርኩት። ብታየኝ ኖሮ ሦስት ቀን ትስቅ ነበር።

ከጎብዬ ወደ ቆቦ የመጣን ዕለት ትዝ አለኝ። ሰግደህ ስታበቃ ህልም አልጠበቅክም፤ ፍራሹን ጋሪ ላይ ጫንክ። ምልክቱ የታለ ብዬ ስነዘንዝህ፣ «እንሂድ፤ ካልፈቀደው መንገዱን ይዘጋዋል» አልከኝ። መንገዱ አልተዘጋም። ፍራሹ ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ እኔም ሁለቴ እንመለስ አልኩ። ብትሰማኝ ኖሮ መዲናም፣ ይህ የሚያፈስ ጣራም ባልኖሩ።

እውነቱን ልንገርህ፤ የፈራሁት ሮቢትን አይደለም። በሩን ቆልፌ ስሄድ አንተን ውጭ የማስቀርህ መስሎኝ ነው።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ካልፈቀደው ይዘጋዋል። ማሽላውን፣ መሬቱን በእኩል ድርሻ የሚያርስልን ጎረቤታችን ጌታሁን ይጠብቀዋል። ከየሶላቴ በኋላ በዱዓዬ ስምህን እጠራለሁ፤ ለሚወለደው ልጅም የፍራሹን አወዳደቅ ሳልቀንስ አወራለታለሁ።

ማረሚያ፦ ከላይ ሸበጥህ ጠፍቷል የተባለው ስህተት ነው። ዛሬ ጠዋት ከመስገጃዬ ተነስቼ፣ ግሪሳ ሲያባርር እሾህ እንዳይወጋው በገዛ እጄ ለጌታሁን ሰጥቼዋለሁ። ልኩ ነው። ውሻው ከክሱ ነፃ ተብሏል።