ትራክተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ

ልጄ ሮሆቦት፣ ጌታ በምትሄጅበት ሁሉ በፊትሽ ይቅደም። እኛ ቱላ ደህና ነን፤ ዝናቡም በጊዜው ገባ።

«መሬቱን አከራይተሽ ከተማ ግቢ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ያዢ» ያልሽኝን ተይው። የገበሬ ማህበራችን ከኋላ እየተከተሉ የሚነዱት ትንሽ ትራክተር አምጥቶ፣ መንዳቱን ተምሬ ማሳዬን ራሴ አረስኩ። የአባትሽ ወንድም «ሴት እርፍ አትጨብጥም» ብሎ ፊቴ ተገተረ። «እርፍ የበሬ ነው፣ ይሄ ሞተር ነው፤ ዞር በል» አልኩትና አስነሳሁት።

ትናንት በሬው ታሞበት መጣ። «የሮሆቦት እናት፣ የኔንም እረሺልኝ» አለኝ። አርስለታለሁ፤ ግን በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ።

የላክሽልኝ የቤት ጫማ ለስላሳ ነው፣ ተባረኪ፤ ለአክስትሽ ሰጠኋት። እግዚአብሔር እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። ለእኔ እግር ደግሞ፣ እባክሽ ልጄ፣ ጭቃ የሚችል ቦት ጫማ ላኪልኝ።

እናትሽ ፅጌ