የቀዩ መጽሐፍ ቅርጫ

ውድ ጋሼ ተክሌ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ሲና ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሸዋ ሮቢት ግን ትተዋት እንደሄዱት ናት፤ ሙቀቷም ሰዎቿም አልተሻላቸውም። ከሁሉ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በእርስዎ ዕድሜ ያለን ሰው እንዲህ ብሎ መለመን ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ባለፈው በስልክ «ሰዎች ስለ መጽሐፎቼ ምን ይላሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ደስ ብሏቸዋል» ያልኩዎት አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሽንኩርት እየመረጠ ስለነበር ነው። ቆላው ልቤን አደከመው ብለው ሲወጡ መጽሐፎቹን ለሰፈሩ፣ የተደረደሩበትን ኮንቴነር ቁልፍ ለእኔ ትተው ሄዱ። ምናለ ሰፈሩንም አብረው ጭነውት በነበር!

ከጋሼ ሰዲቅ ልጀምር። የከባድ መኪና ሹፌር እንደነበሩ ያውቃሉ፤ የማያውቅ ሰው ካለ ሰላምታው ሳያልቅ ይነግሩታል። ያን የስለላ ልቦለድ አዋስኳቸው። በማግስቱ በር ላይ ወረወሩልኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አልወደዱትም?»

«ይሄ ጸሐፊ መንጃ ፈቃድ አለው?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«የጣርማ በርን ዳገት በአምስተኛ ማርሽ አስወጣው እኮ! የተጫነ መኪና! እንዲህ የሚዋሽ ሰው ሌላውን እንዴት አምነዋለሁ?»

በቃ። ሰላዩ ማንን እንደከዳ፣ አገር ትዳን ትጥፋ፣ ሁሉም ማርሹ ላይ ቀረ።

ሀጂ ኡበይድ ደግሞ የታሪክ መጽሐፍ የሚጀምሩት ከኋላ ነው። የስሞች ማውጫውን ገልጠው የአያታቸውን ስም ይፈልጋሉ። ከሌለ መጽሐፉ «የተዛባ» ነው። እስካሁን ያልተዛባ መጽሐፍ አልገጠማቸውም። አባቴ የግጥም መጽሐፍ ገልጦ አየና «ግማሹን ገጽ ባዶ ትቶታል፤ ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ዘመን!» ብሎ ተናደደ። ራሱ ሽንኩርት ሲሸጥ ከረጢቱን እስከ አፉ የሚሞላ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቱን እረዳለት ነበር።

እትዬ ናፊሳ የፍቅር መጽሐፎቹን «ለልጅ አይሆኑም» ብለው ከመደርደሪያው ለቀሟቸው። አሁን በርበሬ መደብራቸው ውስጥ፣ ከሚዛኑ ስር ደብቀው ያነቧቸዋል። ሲመለሱልኝ ገጹን የገለጠ ሁሉ ያስነጥሳል። አስተያየታቸው ለሁሉም አንድ ነው፤ «ይቺ ልጅ እናት የላትም?» ስለ ስኬት የሚያስተምረውንማ ማን ያላነሳው አለ! ግን አንዱም ለራሱ አልወሰደውም። አባቴ ለጋሼ ሰዲቅ «ይጠቅመዋል» ብሎ ሰጠ፤ እሳቸው ለሀጂ፤ ሀጂ ለአባቴ። ሰፈሩን ዞሮ ሳይገለጥ ተመለሰልኝ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ወደ ቀዩ መጽሐፍ፣ ወደዚያ ስለ ነጋዴው ወደሚያወራው ወፍራም ልቦለድ ስንመጣ ግን ጣቴን ወደ እርስዎ ሳልቀስር አላልፍም። ወረፋ ጠባቂው እንዳይጣላ ብለው፣ ወፍራም መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ከክሩ ላይ በምላጭ እየቆረጡ፣ በሲሚንቶ ከረጢት እየለበጡ፣ እንደ በሬ ቅርጫ ማካፈል ያመጡት እርስዎ ነዎት። የበሬው ቅርጫ እንኳ ሕግ አለው፤ እያንዳንዱ መደብ ከጉበቱም ከሻኛውም ይደርሰዋል። የእርስዎ ቅርጫ ለአንዱ ሻኛ፣ ለሌላው ሸሆና ነው። ሸሆና የደረሰው ሰው ደግሞ በሬው ከራስ እስከ ጭራ ሸሆና እንደነበር ይምላል።

የመጀመሪያው መደብ ለአባቴ ደረሰ፤ ሁለተኛው ለጋሼ ሰዲቅ፣ ሦስተኛው ለእትዬ ናፊሳ፣ አራተኛው ለሀጂ ኡበይድ። እርስዎ እያሉ «ቀያይሩ!» ብለው ይጮኹባቸው ነበር። እርስዎ ሲወጡ የሚጮህባቸው ጠፋ፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ «አነበብኩ» አለ።

ባለፈው ሐሙስ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ከኒሙ ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። እትዬ ናፊሳ ከመደብራቸው ደጃፍ፣ እኔ ከኮንቴነሩ በር ሆነን እንሰማለን። ወሬው ስለ ቀዩ መጽሐፍ ሆነ።

«ነጋዴው ደግ ሰው ነው» አለ አባቴ። «ለድሃ ያለ ወለድ ያበድራል። በቃ እንደኛው ነው።»

«የምን ደግ! ኮንትሮባንዲስት እኮ ነው» አሉ ጋሼ ሰዲቅ። «ጨርቅ ውስጥ ጥይት ጠቅልሎ ኬላ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓይኔ ይላል ደግሞ!»

«ሁለታችሁም አታውቁትም» አሉ እትዬ ናፊሳ ከወዲያ። «ሙሽራ ነው። ልጅቷ ሒናዋን ተቀብታ እየጠበቀችው ነው።»

ሀጂ ኡበይድ ጫታቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ «ሰውየው ሞቷል እኮ። እኔ ጋ የደረሰው በቃሬዛ ነው።»

«ምን?»

«ቀበርነው።»

እትዬ ናፊሳ የያዙትን ሚዛን አስቀመጡት። «ሀጂ፣ አላህን ይፍሩ! ሰርጉ ሳያልቅ ይቀብሩብኛል?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የደረሰኝ እሱ ነው!»

ጋሼ፣ ከአራቱ አንዳቸው እንኳ «እስቲ ያንተን ስጠኝ» ያሉ መሰለዎት? ይልቅ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጸሐፊው የሚጽፈውን አያውቅም። የሌላውን ሦስት እጅ ያላነበበ ሰው እንዲህ በአንድ ድምጽ ሲፈርድ ያየሁት ኒሙ ስር ብቻ ነው።

ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ጣልቃ ገባ። «እንግዲህ እሱንም ጨረስነው። የሽንኩርት ወቅት ደርሷል፤ ኮንቴነሩ ይለቀቅልኝ። መጽሐፎቹን ኦቾሎኒ ሻጮቹ ይጠቅልሉባቸው።»

«አሚን» አሉ። አሚን አሉ፣ ጋሼ!

መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ትዝ ይልዎታል? ትምህርት ቤት ቆሞ፣ መኪና ከካራቆሬ ማለፍ አቅቶት፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ኮንቴነሩ ውስጥ ሰብስበው፣ ድምጽዎን እየቀያየሩ ያነቡልን ነበር። ውጭ የሚሰማው ተኩስ እዚያ ውስጥ አይሰማም ነበር። የሴት ድምጽ ሲያወጡ ፍየል ነበር የሚመስሉት፤ እስካሁን ሳልነግርዎ የቆየሁት ከነፍየሏም ስለምወደው ነው። አባቴ በሽንኩርት ሊሞላው ያሰበው ያን ቦታ ነው።

ስለዚህ አፌን ከፈትኩ። አራቱንም መደብ ሳከፋፍል አንብቤያቸዋለሁ፤ ቁልፍ መያዝ ይህን ያህል ጥቅም ከሌለው ምን ይሠራል?

«ሀጂ፣ ቃሬዛው ሲወርድ ፊቱን ማን አየው?»

«ተከፍኖ ነው እንጂ... ቆይ።» የመደባቸውን ገጾች ወደ ኋላ ይገልጡ ጀመር።

«ጋሼ ሰዲቅ፣ ያን ጥይት ያስጫነው ሰው አባቴ ጋ አለ። ገና መጀመሪያው ላይ ብድር የወሰደው ነው።»

«ሐሚድ!» አሉ ወደ አባቴ ዞረው። «አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«እትዬ ናፊሳ፣ ልጅቷ ደግሞ እናት አላት።»

«እናት አላት?»

«ሀጂ ጋ ናት።»

እትዬ ናፊሳ ቀጥ ብለው መጥተው መደቡን ከሀጂ ጉልበት ላይ ነጠቁት። ዱዓው እንኳ ሳይደረግ ተበተኑ።

ከዚያ ወዲህ ቅያሬ በቅያሬ ሆኗል። ጋሼ ሰዲቅ ከሽንኩርት ክምር ጀርባ ተቀምጠው ሲያነቡ ተገኙ። ሀጂ ሠርጉ ጋ ሲደርሱ አለቀሱ፤ የቀበሩት ሰው አይደል! አሁን አራቱም አራቱን መደብ አንብበዋል። ተሻሻሉ ብለው ግን እንዳይደሰቱ። ድሮ በሩቡ ይሳሳቱ ነበር፣ አሁን በሙሉው ይሳሳታሉ። አባቴ ነጋዴው የሞተው ያለ ወለድ በማበደሩ ነው ይላል። እትዬ ናፊሳ ልጅቷ እናት ከነበራት ጥፋቱ ሁሉ የእናትየው ነው ብለው ፈርደዋል።

ግን አንድ ነገር ጎደላቸው። ያ ቃሬዛ የተሸከመው ነጋዴውን ነበር ወይስ አልነበረም? መልሱ አምስተኛው መደብ ላይ ነው። አምስተኛው መደብ ደግሞ ሚኒባስ ሲሳፈሩ በኮትዎ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ወጥቶ አይቼዋለሁ። አባቴም አይቶታል። ያለው እንዲህ ነው፤ «መጨረሻውን እንወቅና በዚያው ቀን ኮንቴነሩ ይጸዳል። ከዚያ ወዲያ ምክንያት የለሽም።»

እሁድ ጋሼ ሰዲቅ ለቅሶ ሊደርሱ ደብረ ሲና ይመጣሉ። ሟቹን በደንብ አያውቁትም። የሚመጡት ለኮትዎ ነው።

እባክዎ እንዳይሰጧቸው።

አይጥ በላው እንዳይሉ፤ ጠፋም እንዳይሉ። እነሱ ተስፋ ከቆረጡ አባቴ በማግስቱ ሽንኩርቱን ያስገባል። «አለ፣ ብቻ የት እንዳደረግኩት...» ይበሉና ግንባርዎን ይሹ። በእርስዎ ዕድሜ ይህን የማያምን የለም። መዋሸት ኃጢአት ነው ካሉኝ፣ መጽሐፍ በምላጭ ማረድስ? ይህችን በዚያች ያወራርዷት።

ለእኔም እንዳይነግሩኝ። ማወቅ አምሮኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ግን አባቴ ፊቴን እንደ ሽንኩርት ነው የሚልጠው፣ ካወቅሁ ያውቃል።

ማንጎው ሲደርስ፣ ልብዎ ከፈቀደ፣ ኮትዎን ለብሰው ይውረዱ። ሁሉንም ኮንቴነሩ ውስጥ እሰበስብልዎታለሁ፤ ድምጽዎን እየቀያየሩ ያንብቡልን። የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽርዎን ያውልቁና «ዛሬስ ደከመኝ» ይበሉ።

እስከዚያው ያን ቃሬዛ ማንም እንዳይገልጠው።

የኮንቴነሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ የምትተኛው፣
ፈይሩዝ ሐሚድ